መጠጥ የተከለከለበት ቤት

ባለፈው የበረዶ ሰሞን ጎማ ላስቀይር እዚህ ዴንቨር፣ ቻምበርስ ሮድ ላይ ካለ አንድ ጎማ ቤት ገባሁ። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ቁልፉን ሰጠሁና መጠበቂያው ክፍል ተቀመጥኩ። ክፍሉ ጎማና ያረረ ቡና ይሸታል። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ድምፁ ተዘግቶ ከሥሩ ጽሑፍ ብቻ ይሮጣል። ካርቱን ነው። አንዲት ዶሮ መጥረቢያ ይዛ የቢራ በርሜል ትፈልጣለች። ቢራው መንገዱን ሞልቶ ወንዝ ይገባል፤ ዓሦቹ ይሰክሩና ተቃቅፈው ይዘፍናሉ።

ወዲያው አወቅኩት። ሃያ ዓመት ገደማ ይሆነዋል ካየሁት፤ ያውም ከዚያ ጎማ ቤት ብዙም በማይርቅ አፓርትመንት ውስጥ። ያኔ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ማንበብ አልችልም ነበር። ካርቱኑ የሚለውን የምትነግረኝ የእህቴ ልጅ ነበረች፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በአማርኛ። አሁን ራሴ አነበብኩት። ከንቲባው በሬ ሰገነት ላይ ቆሞ፣ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህች ከተማ ማንም አይጠጣም፤ ስለዚህ ማንም አይደባደብም!» ይላል። ሕዝቡ ኮፍያውን ወደ ላይ ይወረውራል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ተነስቼ ውጪ ወጣሁ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ቢሆንም እዚያ ተቀምጬ ከምስቅ ጆሮዬ ቢቆረጥ ይሻለኛል።

ነገሩ በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ከሱዳን በስደተኛ ፎርም መጥቼ ከታላቅ እህቴ ከውድነሽ ቤት አረፍኩ። ጎረምሳ ነኝ፤ ጉልበት እንጂ ሌላ ነገር የለኝም። ሥራዬ ኮሜርስ ሲቲ፣ የቀዘቀዘ ሥጋ የሚራገፍበት ዌርሃውስ ውስጥ ነበር። ሳይነጋ እገባለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እወጣለሁ። አጠገቡ ካለው የነዳጅ ማጣሪያ የሚመጣው ሽታና የሥጋው ብርድ ልብሴ ላይ አብረው ይመጡ ነበር። አውቶቡሱን የማውቀው በቁጥሩ ቅርጽ ነው። የምተኛው ሳሎን ሶፋው ላይ ነው። የዴንቨር አየር ደረቅ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ወራት አፍንጫዬ እየደማ ትራሱን አበላሽ ነበር። እንግዲህ በዚያ ቤት ደም ካፍንጫ ሲወርድ ማንም አይደነግጥም። የለመዱት ነገር ነው።

የእህቴ ባል ደምሴ ይባላል። ኤርፖርት አካባቢ መንገደኛ የሚያመላልስ ሹትል ይነዳል። ሰው ፊት ደምሴን የሚያህል የለም። ለቅሶ ቤት ቀድሞ ወንበር የሚደረድር፣ ሠርግ ላይ ጠጁን የሚያዞር፣ የሰው መኪና በረዶ ውስጥ ሲቀረቀር የሚገፋ እሱ ነው። ቤቱ ሲገባ ይጠጣል። ከጠጣ በኋላ ይመታል። ሲመታ አይጮኽም፤ ቀበቶም ዱላም አይፈልግም፤ ቀለበት ባለበት እጁ ነው። ውድነሽም አትጮኽም፤ ልጇ ሳሮን እንዳትሰማ። እኔ ግን ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ እሰማለሁ። የተነፋ ነገር ላይ በመዳፍ ሲመታ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው።

አንድ ጊዜ በሩን ከፍቼ ገባሁ። ደምሴ ዞር ብሎ አየኝና፣ «ቤቴ ነው። የማይመችህ ከሆነ በሩ ያውልህ» አለኝ።

በማግስቱ ውድነሽ ያበጠ ዓይኗን በረዶ እያስያዘች፣ «ተው ወንድምዓለም፣ ደጅ ትወድቅብኛለህ» አለችኝ።

«አንቺስ እታለም?»

«እኔማ የት እሄዳለሁ?»

በዚያን ጊዜ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሬሳዋን እንዳላገኝ።

በኛ ዘንድ ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ ይቀመጣል። ፖሊስ የጠራ ቤት አፍራሽ ይባላል። ስለዚህ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ዋናው ጋሽ ታደሰ ነበሩ፤ ታክሲ ነድተው ቤት የገዙ፣ ሲናገሩ ጣታቸውን ጠረጴዛ ላይ የሚያንኳኩ፣ የተከበሩ ሰውዬ። ለሽማግሌ የሚቀርበውን ዶሮ የሠራችው ማን እንደሆነች ልንገራችሁ? የተመታችው ናት። ሽንኩርቱን ባንድ ዓይኗ እያየች ነው የከተፈችው። ሲፈርዱባት እንዳይርባቸው።

«ደምሴን እናውቀዋለን» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ሰው ማለት እሱ ነው። ያበላሸው ይሄ መጠጥ ነው። መጠጡን ከዚህ ቤት አውጡልኝ፣ ሰውየው ይመለሳል።»

«መጠጥ ነው እንጂ!» አሉ ሁለተኛው፣ አጥንት እየጋጡ።

ውድነሽ ቆማ እጅ እያስታጠበች ነበር። «ጋሽ ታደሰ፣ እጁስ?» አለች በቀስታ።

«እጁን የሚያነሳው መጠጡ ነው ልጄ። መጠጥ ከሌለ እጅ ብቻውን ምን አቅም አለው?»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔም ነቀነቅኩ። የሰማነው፣ ያደግንበት ነገር ነው፤ ሰውየው ጥሩ ነው፣ ጠርሙሱ ነው መጥፎ። ደምሴ እያለቀሰ ተነሳ። መጽሐፍ ቅዱሱ መጣ፤ እጁን ጫነበት። «መጠጥ ከንፈሬን ቢነካ፣ ደጄንም ቢረግጥ፣ ሚካኤል ይፍረድብኝ» ብሎ ማለ። ከዚያ ጠርሙሶቹ ወጡ። ዊስኪው፣ ቢራው፣ ለበዓል የተቀመጠው ጠጅ ሳይቀር በኩሽናው ሲንክ ተደፋ። ሦስተኛው ሽማግሌ አንዱን ዊስኪ ብርሃን ላይ አንስተው አዩና፣ «ይቺን እንኳ ለማስረጃ ብንይዛት?» አሉ። ሳቅ በሳቅ ሆነ። እህቴ ሳትቀር ሳቀች፤ ስትስቅ የተሰነጠቀው ከንፈሯ ደማ።

ጋሽ ታደሰ ሲወጡ ክንዴን ያዙኝ። «አንተ አብረህ ስለምትኖር አፉን ታሸታለህ። መጠጥ የሸተተህ ቀን ለእኔ ትደውላለህ።»

«ውሻ አደረጉኝ እኮ ጋሽ ታደሰ» አልኳቸው።

«የታመነ ውሻ ከማይታመን ሰው ይሻላል» ብለው ሹራቤን ጎተት አደረጉኝ።

ካርቱኑን ያየሁት በዚያው ሳምንት ነው። ሳሮን ስድስት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔም ከሥራ እመለሳለሁ። ከመንገድ የገዛሁትን ግሪን ቺሊ ቡሪቶ፣ ያንን በቂጣ የተጠቀለለ የሜክሲኮ ምግብ፣ ለሁለት ከፍለን እየበላን ቴሌቪዥን እናያለን። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከካርቱን ነው ብል ውሸት አይደለም።

ታሪኩ መጠጥ የተከለከለበት የአሜሪካ ዘመን ነው። እንዲህ ያለ ዘመን እንደነበረ እንኳ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ከተማዋ ሰካራም ናት፤ ፍየሉ ሚስቱን በመጥረጊያ ያባርራታል፣ አህያው ደመወዙን ጠጥቶ ገንዳ ውስጥ ይተኛል። ከዚያ በሬው አዋጁን ያነባል፣ ዶሮዋ በርሜሉን ትፈልጣለች። በማግስቱ ያው ፍየል አበባ ይዞ ለሚስቱ ተንበርክኳል። ልጁን በጋሪ እየገፋ ያፏጫል። ቀጥሎ አሳማው ይመጣል፤ ሲጋራ በአፉ፣ ጠመንጃ በእጁ። ከልብስ ማጠቢያ ቤት ጀርባ ድብቅ መጠጥ ቤት ይከፍታል። በር ሦስት ጊዜ ካላንኳኩ አይከፈትም። አሮጊቶች በቀሚሳቸው ሥር ጠርሙስ ያሳልፋሉ። ፖሊሱ ውሻ ነው፤ አፍንጫው እንደ ጎማ ቱቦ ረጅም። በየቁልፍ ቀዳዳው እያስገባ ያሸታል።

«ዳትስ ዩ፣ አጎቴ!» አለችኝ ሳሮን እየተንከተከተች። ሽማግሌዎቹ ያሉኝን ሰምታለች ማለት ነው።

አሳማው ተኮሰ። ፍየሉ ወንፊት ሆነ፤ ውኃ ሲጠጣ በየቀዳዳው ፈሰሰ። ፒያኖ ከፎቅ ወድቆ አህያውን ጨፈለቀው።

«ሞተ?» አልኳት።

«ኖ! ካርቱን ነው። ኦልዌይስ ይነሳሉ።»

አህያው የፒያኖ ጥርስ እየተፋ ተነሳ። እኔም ሳቅኩ። መሳቅ ደስ ይል ነበር። ቤታችን የፍየሉ ቤት መስሎኝ ነበርና።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እውነትም መሰለ። ደምሴ ብርቱካን በከረጢት ይዞ ይገባል። ሎሚ ሻይ ይጠጣል፣ ማስቲካ ያኝካል፣ ሳሮንን ትምህርት ቤት ያደርሳል። በሩን ሲከፍት ጠጋ ብዬ አፉን አሸታለሁ፤ እሱም «ሃህ!» ብሎ ይተነፍስብኛል። እንሳሳቃለን። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ጋሽ ታደሰ ትከሻውን ይዘው፣ «ይሄን ሰው እዩልኝ» እያሉ ያዞሩታል። እናቶች መረቁት። ደምሴ መመስገንን ከዊስኪ አብልጦ ወደደ። ያቺ መሐላ የእሱ ሜዳሊያ ሆነች። ሜዳሊያ ያለው ሰው ደግሞ ሌባ ይፈራል።

መፈተሽ ጀመረ። መጀመሪያ ኮምጣጤውን አሽትቶ ደፋ። ቀጥሎ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ለውድነሽ የሰጠቻትን ኬክ፣ አልኮል ገብቶበታል ብሎ በመስኮት ወረወረ። ከዚያ የሳሮንን የሳል ሽሮፕ አገኘ። የታተመበትን አንብቦ አልኮል እንዳለው ሲያውቅ ውድነሽን በጥፊ አላት። በጠራራ ፀሐይ፣ እኔ ፊት፣ ልጅቷ ፊት። «መሐላዬን ልታስፈርሺ ነው?» እያለ። ሁለተኛውን ሲያነሳ በመሃል ገባሁና ትንፋሹ ፊቴ ላይ መጣ። ናና ነው የሚሸተው።

ለጋሽ ታደሰ ደወልኩ።

«ጠጥቷል?» አሉኝ።

«አልጠጣም።»

«እንግዲያው ምን ልበለው? የማለው ስለ መጠጥ ነው።»

«መታት እኮ ነው የምልዎት!»

«መጠጥ መተው ቀላል መሰለህ? ይበሳጫል። ታገሡት፣ ይወጣለታል።»

ይኸውላችሁ ሽምግልና! ያስማሉት ጠርሙሱን ነው። እጁን ማንም አላስማለውም።

ቀኑ የጸደይ ነው፤ በዴንቨር የጸደይ ደመና ፀሐይ እያለ በረዶ የሚያወርድበት ጊዜ። ከአውቶቡስ ስወርድ የበረዶው ጠጠር መኪኖቹን ይደበድባቸዋል። ቡሪቶውን ጃኬቴ ሥር ደብቄ ሮጥኩ። በሩን ስከፍት ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፣ ሳሮን ከሶፋው ፊት ቆማለች፤ የምታየው ግን ቴሌቪዥኑን አይደለም። ወደ ኩሽናው ነው የምታየው።

ነገሩ ሊጥ ነበር። ውድነሽ ለቅዳሜ እንጀራ በፕላስቲክ ባልዲ አቡክታ ከሲንኩ ሥር አስቀምጣለች። ሂተሩ ስለሚሞቅ ሊጡ ፈጥኖ ኩፍ ብሎ ክዳኑን ገፍቶታል። እርሾ ሲበዛበት እንዴት እንደሚሸት እናንተም ታውቁታላችሁ። ሆምጠጥ ያለ፣ አፍንጫ የሚነካ ሽታ ነው፤ ጠላ ጠላ ይላል። ደምሴ ባልዲውን ጎትቶ አውጥቶ ጣቱን እያወዛወዘ ነበር።

«ጠላ ነው! ቤቴ ውስጥ ጠላ ጠምቀሽብኛል!»

«ሊጥ ነው ደምሴ። የምትበላው እንጀራ ነው። ቅመሰው።»

«ቅመሰው? በምላሴ መሐላዬን ላፍርስልሽ?»

«ባትቀምሰውም እየው፣ ነጭ ነው እኮ፣ ሊጥ…»

ባልዲውን በሁለት እጁ አንስቶ ፊቷ ላይ መታት። ከነሊጡ፣ ከነክብደቱ። ጠርዙ መንጋጋዋ ላይ ሲያርፍ የተሰማው ድምፅ፣ ዌርሃውስ ውስጥ የቀዘቀዘ አጥንት ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ነው። ስትወድቅ ጭንቅላቷ የምድጃውን በር መታው። እሱ አላቆመም። ደግሞ መታት። ከዚያ በእግሩ። ሊጡ ወለሉ ላይ ተንጣሎ በላዩ ደም እየቀላ ይሄዳል።

ቡሪቶውን የት እንደጣልኩት አላስታውስም። ከኋላው አንገቱን አንቄ ከግድግዳው አላተምኩት። ዞሮ በግንባሩ አፌን መታኝ፤ ሁለት የፊት ጥርሶቼ ምላሴ ላይ ወደቁ። ሊጡ አዳለጠንና አብረን ወደቅን። እሱ ከላይ ሆነ። ጉሮሮዬን ይዞ ሲጫነኝ አፉ አፍንጫዬ ላይ ነበር። ለማሽተት አልለፋሁም፣ ትንፋሹ ራሱ ገባልኝ። ሎሚ ሻይ። ከሎሚ ሻይ በቀር ምንም የለበትም። ዓይኑም አልቀላም፤ የጠራ፣ የነቃ፣ የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው ዓይን ነው። በሕይወቴ የሰከረ ሰው ብዙ ፈርቻለሁ። ያንን ያልሰከረ ሰው የፈራሁትን ያህል ግን ማንንም ፈርቼ አላውቅም።

እጄ ያገኘው መጥበሻ ነበር። ጆሮ ግንዱ ላይ ሰጠሁት። ተንሸራቶ ተቀመጠና እንደ ሕፃን ጭንቅላቱን ይዞ ማልቀስ ጀመረ። «አልጠጣሁም… ሚካኤል ምስክሬ ነው፣ አልጠጣሁም…»

ሳሮን ኩሽናው በር ላይ መጥታ ቆማለች። አላለቀሰችም። ወለሉ ላይ ያለችውን እናቷን ነው የምታየው። «ጌት አፕ፣ ማሚ» አለች። ትንሽ ጠበቀች። «ማሚ፣ ጌት አፕ።» ልጅቷ የምትጠብቀውን አውቄዋለሁ። ያንን አህያ ነው የምትጠብቀው።

ውድነሽ አልተነሳችም።

ከታች ያለችው ሜክሲኳዊት ጎረቤት ጩኸታችንን ሰምታ ፖሊስ ጠርታ ነበር። እግዜር ይስጣት። እኛ ቤት እናፈርሳለን ብለን የፈራነውን እሷ በአንድ ስልክ ሠራችው። ደምሴን በካቴና ወሰዱት። እህቴን በቃሬዛ።

መንጋጋዋ ለሁለት ተሰብሮ ነበር። ሐኪሞቹ የላይና የታች ጥርሷን በሽቦ አሰሩት። ንቃቷ ከተመለሰ በኋላ ጋሽ ታደሰ ከሁለቱ ባልንጀሮቻቸው ጋር ሆስፒታል መጡ። ጭማቂ ይዘዋል። በሩ ላይ ጠብቄያቸው ነበር። ጋሽ ታደሰ የእሷን ፊት ሳያዩ፣ የእኔን አፍ ሳያዩ፣ መጀመሪያ የጠየቁኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ?

«ጠጥቶ ነበር እንዴ?»

«አልጠጣም» አልኳቸው፣ በሌለ ጥርሴ።

«ተመስገን! እንግዲያው መሐላውን አላፈረሰም። ይሄ መታረቅ ያለበት ነገር ነው።»

ገብተው ከአልጋዋ አጠገብ ተቀመጡ። ጣታቸውን የአልጋው ብረት ላይ እያንኳኩ ተናገሩ። ደምሴ ከታሰረበት ደውሎላቸው እንዳለቀሰ፣ ልጅ አባት እንደሚያስፈልጋት፣ አንዲት ሴት በባዕድ አገር ብቻዋን ምን እንደምትሆን። «አንቺ ብቻ እሺ በይን፤ ክሱን እናስነሳለን። ሰውየው እንደሆነ አንድ ጠብታ አልቀመሰም።»

ውድነሽ መናገር አትችልም። ዓይኗ ብቻ ነው ከፋሻው የሚታየው። ቀኝ እጇን ከብርድ ልብሱ አወጣች፤ ጉሉኮሱ ተተክሎበታል። ጨበጠችው። ከዚያ ጭብጧን አንስታ ቀስ አድርጋ ከጋሽ ታደሰ አፍንጫ ሥር አቀረበችው። እዚያው ያዘችው። ሰውየው ወደ ኋላ ሸሹ፤ እሷ ተከተለቻቸው። አሽቱ ማለቷ ነበር።

ጋሽ ታደሰ ጣታቸውን ማንኳኳት አቆሙ። ተነስተው፣ ኮፍያቸውን ይዘው ወጡ። ሁለቱም ተከተሏቸው። ጭማቂውን ረስተውት ሄዱ።

አልተመለሰችም። እኔና እሷ ሳሮንን ይዘን ሌላ አፓርትመንት ተከራየን። አዲሱ ቤት ባዶ ስለነበር ስናወራ ድምፃችን ይመለስብን ነበር። ቤት አፈረሰች ብለው ብዙዎች ሰላምታ ነሷት። እሷ ደግሞ ጥርሷ በሽቦ እንደታሰረ ሾርባ በቀጭን ቱቦ እየመጠጠች የነርስ ረዳት ኮርስ ተመዘገበች። እኔም አንብቤ መፈረም አለብኝ ብዬ ላይብረሪ ማታ ማታ ፊደል ጀመርኩ። ደምሴ ታስሮ ወጣ፤ ሌላ ስቴት ሄደ ሲሉ ሰማሁ። እስከ ዛሬ አልጠጣም አሉ። አምናለሁ።

ያ ካርቱን ብዙ ነገሩ ትክክል ነው። በርሜሉ፣ ድብቁ በር፣ አሽታቹ ውሻ፣ ሁሉም ሊሆን ይችላል፤ እኔም ኖሬበታለሁ። ውሸቱ ፍየሉ ላይ ነው። ቢራው መንገድ ላይ ሲፈስ ክፋቱ አብሮ ፈስሶ ፍየሉ በማግስቱ አበባ የሚይዝበት ቦታ ላይ። የሣለው ሰውዬም እንደኛ ሽማግሌዎች ያስባል ማለት ነው። ጠርሙሱን ብትሰብር ጠርሙስ ነው የሚሰበረው።

በቅርቡ ኮልፋክስ አካባቢ አንድ ቤት ሽማግሌ ሁን ተባልኩ። ጠጉሬ ሸብቷል፣ ደርሶኛል። ሄድኩ። ባልየው ጎረምሳ ነው፤ ሚስትየው ሹራቧን እስከ አገጯ ስባዋለች። ምግብ ልታቀርብ ስትነሳ «ተቀመጪ፣ አልበላም» አልኳት። ሌሎቹ ሽማግሌዎች የሚሉትን አሉ። መጠጥ ነው እንጂ ልጁ ጨዋ ነው አሉ። መጽሐፉ ሳይመጣ ልጁ እጁን ዘርግቷል። «ልማል! አሁኑኑ ልማል!»

«መጠጡን ተወው» አልኩት። «ከፈለግህ ዛሬም ጠጣ። አንድ ነገር ብቻ ማልልኝ፤ ጠጥቼም ሳልጠጣም እጄን አላነሳባትም በል።»

አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሱማ ጋሼ…» አለ ልጁ። «ሰው ይናደዳል። አንዳንዴ እሷም ታናድዳለች…» እያለ የዘረጋውን እጅ ሰብስቦ ኪሱ ከተተው።

ወደ ልጅቷ ዞርኩ። «ሻንጣ አለሽ?» አልኳት።

«አለኝ» አለች። ተነስታ ከበሩ ጀርባ አወጣችው። ሞልቶ ተቆልፏል።